የአንድ ቤት ሰባት ቤት

መንዝ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣና አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ነገሩ ያበቃል፤ የተጠመቀው ጠላ ለሌላ ድግስ ይሆናል። ድሮ መሬት የፈለገ ሰው ደግሞ በሰባት አይቆምም ነበር። በአባቱ ቢያጣ በእናቱ፣ በእናቱ ቢያጣ በአያቱ እናት በኩል ዞሮ፣ አሥራ ሁለትም አሥራ አምስትም ቤት ወጥቶ፣ ማማ ወይም ላሎ ወይም ጌራ ላይ ከደረሰ «ርስቴን» ብሎ ዳኛ ፊት ይቆማል። ሦስቱ መንዝን ተካፍለው ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ያሰኙ አባቶች ናቸው። እንግዲህ ማስታወስ የሚችል መንዜ ሁሉ፣ ቢያንስ በአፉ፣ የአገሩ ግማሽ ባለርስት ነበር ማለት ነው። ከሳሹም ተከሳሹም የአንድ አያት ልጆች ስለሆኑ ክርክሩ የሚያልቀው አንዱ ሲሞት ነው፤ እሱም ልጁ እስኪያድግ ድረስ ብቻ።

እኔ የተወለድሁት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስትን ከነክርክሩ ካስቀረ በኋላ ስለሆነ ቆጠራው የደረሰኝ ለምሽት ጨዋታ ነው። እስከ አምስት ቤት እደርስና እደናገራለሁ። አምና ግን አጎቴ ደውለው፣ ለሰው ሳይሆን ለቤት ሰባት ቤት እንድቆጥር አዘዙኝ።

«ከወረዳ አንድ ልጅ መጥቶ ነበር» አሉ። «ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ፎቶ አነሳው፣ ቅርስ ነው አለን። ወረቀት ትቶልናል፤ መጥተህ ሙላልን።»

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ባዶ ነው።»

ሄድሁ። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ለሌሎች ትቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠል ሰው፣ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ነገር ሁለት ነው፤ ድንጋይና ሳር። ዛፍ ከታየ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ይህን ያየ ሰው የመንዝ ቤት ለምን የድንጋይ ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ሌላው አገር ግድግዳውን በእንጨት አቁሞ በጭቃ ሲመርግ መንዝ ድንጋይ የሚክበው ጥበብ በዝቶበት አይደለም፤ እንጨት አጥቶ ነው። (አሁን ግን እንግዳ መጥቶ «እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» ሲል አንክድም። ማጣትን ሌላ ሰው ጥበብ ካለልህ ዝም ማለት ነው።)

ግቢያችን ነፋስ በሚመታው አፋፍ ላይ ነው። ቤቶቹ ክብ ክብ ናቸው፤ ትልቁ ቤት፣ ማድ ቤቱ፣ የበጎቹ ጉረኖና የገለባ ቤቱ። አምስተኛው ጣራ የሌለው የድንጋይ ቀለበት ነው፤ አክስቴ ውስጡ ድንች ተክለውበታል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ከጉልበት እስከ ደረት የሚደርስ ካብ ነው። አጠገባቸው ደግሞ፣ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ በፀሐይ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ቤት ቆሟል። የወረዳው ልጅ ፎቶ ሲያነሳ ይህን የመጨረሻውን ላለማስገባት ካብ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ተንበርክኮ ብዙ ደክሟል አሉ።

የትልቁን ቤት በር የሚያልፍ ሰው መጀመሪያ አንገቱን ይሰብራል፤ ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው። ቀጥሎ ዓይኑ ይጠፋል፤ መስኮት የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ቀስ እያለ ይገለጥለታል። በስተቀኝ ጋጣው፣ በስተግራ በእበት የተለቀለቀው መደብ፣ ከኋላ ጎታዎቹ፣ መሀል ላይ ምድጃውና ምሰሶው። ምሰሶው ጥድ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ተቀምጦ የሚደገፍ ሰው ጀርባ በሚደርስበት ቦታ ላይ ግን አንድ ክንድ ያህል ቡናማ ሆኖ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራል። ልጅ ሆኜ አያቴ ማታ ማታ ጀርባቸውን ሲያኩበት አስታውሳለሁ። አሁን አጎቴ ያኩበታል። እኔም እዚያ በሰነበትሁበት ሳምንት ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሳላስበው፣ ስታከክበት ራሴን አገኘሁት።

ቅጹን አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር «የተሠራበት ዘመን» ይላል።

አጎቴ ሳያመነቱ «የአባቴ አባት ነው የሠራው፤ ከጣሊያን በፊት» አሉ። አክስቴ ከምድጃው ማዶ ሆነው «ከጣሊያን በኋላ» አሉ። «ወንድሜ ክርስትና የተነሳው በዚያኛው ቤት ነው፤ እዚያ ድንቹ ያለበት። ይኼ ገና አልነበረም።» አጎቴ «ድንጋዩ ነበር» አሉ። «ድንጋዩማ ምን ጊዜም ነበር» አሉ አክስቴ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ይህ የገባኝ ግን ግድግዳውን ዞሬ ካየሁ በኋላ ነው። በር አጠገብ ያሉት ድንጋዮች ትልልቅና አራት ማዕዘን ናቸው፤ የእጅ ሥራ ያረፈባቸው። ከኋላ ያሉት ከእርሻ የተለቀሙ ድቡልቡሎች። በሰሜን በኩል ደግሞ መሀል ላይ ሆዱ ተነፍቶ የነበረ ግድግዳ ፈርሶ እንደገና ተክቧል፤ የአዲሱ ጭቃ ቀለም ይለያል። ካስተዋሉት ድንች ያለበት ቀለበት ዝቅ ያለው ስለ ፈረሰ አይደለም፤ ስለ ተወሰደ ነው። ትልቁ ቤት የቆመው ያኛውን ቤት ቀስ በቀስ በልቶ ነው። ያኛው ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረውን፣ አሁን የካቡ ማዕዘን ሆኖ የቀረውን፣ በልቶ ነበር። አንድ ድንጋይ ሲጎተት ሦስት ትውልድ ይወጣል።

አካካቡን አጎቴ በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። ግድግዳው አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ካብ ነው፤ አንዱ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ያዞረ። በመካከላቸው ጠጠርና ጭድ የተለወሰበት ጭቃ ይሞላል። ሁለቱ ዝም ብለው ከተተዉ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ጀርባቸውን ተሰጣጥተው እየተራራቁ ይሄዱና አንድ ክረምት ላይ ሆዱ ይነፋል፣ በማግስቱ ይናዳል። ስለዚህ በየክንዱ አንድ ረጅም ድንጋይ ከዚህኛው ፊት እስከዚያኛው ፊት ዘልቆ ይጋደማል። አጎቴ ይህን ድንጋይ «ሽማግሌው» ይሉታል። በሰሜን በኩል የተናደው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጆች ነበርን፤ ቸኩለን ነበር፤ ሽማግሌ አላገባንበትም» አሉኝ።

የድንጋዩን አባት ልቁጠር ብል ደግሞ ቤተሰቤን አልፎ ይሄዳል። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የኢትዮጵያን ደጋ ከነገደሉ የሠራው የእሳት ጎርፍ ፈስሶ የረጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው። የምድር ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ለተደረበው አንዱ ድርብ ስም ሲያወጡለት «የጣርማ በር ባዛልት» ብለውታል፤ እንግዲህ በአባቱ በኩል ቤታችን የአገሩ ልጅ መሆኑ በሊቃውንትም የተመሰከረለት ነው። በቅጹ ላይ ግን «የተሠራበት ዘመን፦ 30 ሚሊዮን ዓመት» ብዬ ብጽፍ ወረዳው እንደማይቀበለኝ ስላወቅሁ መስመሩን ዘለልሁት። ሊሞላው የሚችል ሰው ግን አልጠፋም ነበር፤ የአሜሪካው የኅብረተሰብ አጥኚ ዶናልድ ሌቪን፣ ራሳቸውን ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ ያሉት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ»ን ከማሳተማቸው በፊት መንዝ መጥተው አጥንተዋል። ያኔ በእኛ ደጅ አልፈው ቢሆን ኖሮ ይህን ቅጽ እኔ አልሞላውም ነበር።

ሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ሊጠይቁን መጡ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው ይላሉ፤ ይህን ማለት ከጀመሩ ግን ቆይተዋል። ጠላ ተቀዳላቸው። ስለ ቅጹ ሰሙ። አጎቴ በቤተሰባችን ሲነገር የኖረውን ታሪክ ለእኔ ማስጻፍ ጀምረው ነበር፤ ቅድመ አያታችን አርበኛ ነበሩ፣ በዚህ የተነሳ ጠላት መጥቶ ቤታቸውን አቃጠለ፣ ድንጋዩ ግን አልቃጠል ብሎ ዛሬ ድረስ አለ። ይህን ታሪክ እኔም በትምህርት ቤት ጽፌበት ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ።

ሽማግሌው ጠላቸውን አስቀመጡ።

«ጣሊያን?» አሉ። «ጣሊያን እዚች ጎጥ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ብርድ ሊበላ?»

አጎቴ እሳቱን መቆስቆስ ጀመሩ። እሳቱ ግን መቆስቆስ አላስፈለገውም ነበር።

የሽማግሌውን ወሬ ለመረዳት ጓሳን ማወቅ ያስፈልጋል። የቤታችን ሌላው ወገን፣ እናቱ በሉት፣ ያለው እዚያ ነውና። ጓሳ የሳሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውርጫም ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር። ጅብራ ቆሞበታል፣ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሳሩን በጣቱ ይለቅምበታል፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ታድንበታለች። የውጭ ሰዎች የሚመጡት ለእነዚህ ነው። የመንዝ ሰው ግን ከጥንት የጠበቀው ለቀበሮዋ ብሎ አይደለም። ለሳሩ ነው። ጓሳ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የማይደፍረው ሳር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይፈተልበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል፣ እረኛ በዝናብ የሚደርበው ጌሳ ይሠራበታል። ማገዶውም ጨራንፌው እዚያው አለ። እንጨት የሌለው አገር ግድግዳውን ከድንጋይ ሊሠራ ይችላል፤ ጣራውን ከድንጋይ ሊሠራ አይችልም። ጓሳ ከጠፋ መንዝ ውስጥ ካብ እንጂ ቤት የለም።

ይህን ያወቁት አስቦና ጌራ የተባሉ ቀደምት አባቶች፣ መሬቱን በፈረስ ሩጫ ተካፈሉት ይባላል፤ ፈረሱ የደከመበት ሰው ድንበሩ እዚያው ቀረ። ይህ ከሆነ 400 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጓሳ ለረጅም ዘመን በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖረ። (ይህ ቄሮ በየዜናው ስንሰማው ከነበረው ጋር ስም እንጂ ዘር አይጋራም።) ሥርዓቱ ቀላል ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጥ ነበር። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ጓሳ ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም፤ ጎበዙ ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። ሳሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሲጠና፣ አባ ቄራው ይከፍተው ነበር። ያን ጊዜም የሚያጭደው ባለ መብቱ ነበር፤ ባለ መብቱ ደግሞ ወደ አስቦ ወይም ወደ ጌራ መቁጠር የሚችል ነበር። ሰው አንድ ሸክም ሳር ለማጨድ ሰባት ቤት ይቆጥርበት የነበረ አገር ሌላ ካለ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ቅጣቱስ? በተዘጋበት ወራት የተያዘ ሰው ትኩስ የአንበሳ ቆዳና ከዱቄት የተገመደ ገመድ አምጣ ይባል ነበር ይላሉ። የማይገኝ ነው፤ የተጠየቀውም ስለማይገኝ ነው። ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ እግር ላይ ወድቆ ምሕረት እስኪለምን ድረስ ነው። ድርቅ ብሎ የሰረቀውን ሳር ጣራው ላይ የከደነ ግን የአንበሳ ቆዳ አይጠየቅም ነበር። ቤቱ ይቃጠል ነበር።

ሽማግሌው ጠላቸውን መልሰው አነሱ። «ጎበዙ ሁሉ ዱር ገብቶ ከጠላት ጋር ሲታኮስ የጓሳው ጥበቃ ሳሳ» አሉ። «ዝግ ነበር፤ ዝግ መሆኑን ግን የሚያስታውስ አልነበረም። ቅድመ አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከላሎ ምድር የመጡ ናቸው። ጣራቸው ያፈስ ነበር። ክረምት ደርሷል። በሚስታቸው በኩል የሚያጭዱበት መብት ነበራቸው እንዳይባል፣ አማቾቻቸው ተጣልተዋቸዋል። ሌሊት ሌሊት ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። አባቴ ነው የነገረኝ። ሠላሳ ሸክም ይሁን አርባ እንጃ፤ ብቻ ጣራው አማረ። ያማረው ነገር ነው ያጋለጣቸው። ያን ዓመት የሁሉ ጣራ ጠቁሮ የእሳቸው ብቻ ወርቅ መሰለ።»

«አርበኝነታቸውስ?» አልሁ፣ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን ውጤት እያሰብሁ።

«ከቤታቸው መቃጠል በኋላ ነው ዱር የገቡት» አሉ ሽማግሌው። «የት ይግቡ ታዲያ? ቤት የላቸው።»

አክስቴ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አጎቴ ግን አልሳቁም። ለምን እንዳልሳቁ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ አጎቴ ዛሬ ጓሳን የሚጠብቀው ኮሚቴ አባል ናቸው። የ1967ቱ አዋጅ ርስትን ሲያነሳ በርስት ላይ የቆመውን ቄሮንም አብሮ አነሳው። መሬቱ የሁሉም ሆነ ተባለ፤ ሁሉም ደግሞ ከብቱንና ማጭዱን ይዞ ገባ፤ አንዳንዱ አረሰው። በኋላ ሽማግሌውም ወጣቱም ደንግጦ፣ በየቀበሌው ተመካክሮ፣ ዘር ሳይቆጠር ነዋሪ የሆነ ሁሉ የሚካፈልበት የጥበቃ ኮሚቴ አቋቋመ። አባ ቄራም ባይኖር መዝጋትና መክፈቱ፣ ተራ ጥበቃውና መቀጮው ተመለሰ። አጎቴ ከዚህ ኮሚቴ ጠንካሮቹ አንዱ ናቸው። ስመጣ በጓሳ ሳልፍ መኪና አስቁሜ አንድ ዘለላ ነቅዬ ለማሽተት ስሞክር የሆነውን ነግሬያቸው ነበር፤ ዘበኛው ከየት እንደ ወጣ ሳላየው መጥቶ «አይነካም» ብሎኝ ነበር። አጎቴ «ደግ አደረገ» ነበር ያሉኝ።

እንግዲህ ቅጹ ላይ «ታሪካዊ ፋይዳ» የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር። ሽማግሌው ተሸኝተው ከሄዱ በኋላ አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «በጠላት ጊዜ ተቃጠለ ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«በጠላት ጊዜ?»

«ጊዜው የጠላት አልነበረም?»

ጻፍሁት። እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት እኔ ሁለት ዲግሪ ይዤ አልችልም። የርስት ችሎት ያሳደገው ሰው ቋንቋ ነው።

ጧት ራሱ የወረዳው ልጅ መጣ። ትሑት፣ ብርዱን ያልለመደ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው። ዕቅዱን ነገረን። ትልቁ ቤት ይጸዳል፤ ጋጣው ይነሳል፤ ምድጃው ይዘጋል፣ ምክንያቱም እሳት ለሳር ቤት አደገኛ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲሄድ ይቆለፋል። ቁልፍ ራሱ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቢጫ፣ ከባድ፣ ከነማሸጊያው። ቤተሰቡም ወደ ቆርቆሮው ቤት ይገባል፤ ለጤናም የተሻለ ነው።

አክስቴ በጥሞና ሰሙት። ከዚያ «ሳሩንስ ማን ሊያጨሰው ነው?» አሉ።

ልጁ አልገባውም። አክስቴ እጁን ይዘው አስገቡትና ወደ ላይ እንዲያይ አደረጉት። የጓሳ ክዳን ከውስጥ ሲታይ ሳር አይመስልም። ጥቁር ነው፤ ወራጁም ማገሩም ሳሩም አንድ ላይ በጥቀርሻ ተለብጦ እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል። በየቀኑ ከምድጃው የሚወጣው የጨራንፌና የኩበት ጭስ መውጫ ስለሌለው በሳሩ መሀል እያጣራ ያልፋል፤ ሲያልፍ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ምስጡንና ነቀዙን ያባርራል። ሰው የሚኖርበት የጓሳ ጣራ ብዙ ዘመን ይኖራል። የተቆለፈ ቤት ጣራ ግን ከውስጥ ይሻግታል። አክስቴ ወደ ውጭ አወጡትና የገለባውን ቤት አሳዩት፤ እሳት ነዶበት አያውቅም፤ ክዳኑ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ወርዷል። ሁለቱም የተከደኑት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሳር ነው።

ልጁ ማስታወሻ ያዘ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያዝሁ፤ እዚያ ቤት አድጌ የማላውቀው ነገር ነበር። ጭሱን የማውቀው በዓይኔ ነው፤ እየተናነቀኝ ተምሬበታለሁ፤ ማታ ማታ ሳል እንደ ጸሎት ከየመደቡ ይሰማ ነበር። የቤቱን ዕድሜ ያረዘመው ነገር የሰዎቹን ያሳጥር እንደነበር አሁን አስባለሁ፤ ለአክስቴ ግን አልነገርኋቸውም። ያውቁታል።

ላሊበላ ሄጄ ያየሁት ትዝ አለኝ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በአጠገባቸው ያሉት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች፣ የላስታ ጎጆዎቹ፣ አብረው ተወስተዋል። ውብ ናቸው፤ መንዝ ተፎካካሪ ቢሆንም አልዋሽም። ደረጃቸው በውጭ በኩል ዞሮ ይወጣል። ያየኋቸው ነዋሪዎቹ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነስተው ወደ ሌላ ሰፈር ከሄዱ በኋላ ስለሆነ ሰው አልባ ነበሩ። አንዱ በር ላይ ቆሜ ማሽተት የሞከርሁት ነገር ምን እንደነበር ያን ጊዜ አልገባኝም። ለካ ጭሱን ነበር።

ስለ ቆርቆሮው ቤትም ፍርድ መስጠት አለብኝ፤ የወረዳው ልጅ ከፎቶው ሊያወጣው ቢደክምም ከዘር ቆጠራው አይወጣም። ጎርበጥባጣው ቆርቆሮ አባቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የወደብ መሐንዲስ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፤ ለመርከብ ጭነት መጋዘን መክደኛ ነው ያሰበው። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በባቡር አዲስ አበባ ገብቶ፣ ባላባቱን አስደንቆ፣ ቆይቶ ቆይቶ እኛ ግቢ ደረሰ። የደረሰው ግን በቀጥታ በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ በላከችው ብር ተገዝቶ፣ በአይሱዙ መጥቶ፣ ካቡ ፈርሶለት ገባ። ይህን ቤት «ባህላችንን አበላሸው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የእሷን እጅ ባየ እላለሁ። ቤቱ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማታ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ሰው ለሰው አይሰማማም። አክስቴ የሚያድሩት በትልቁ ቤት ነው። በቆርቆሮው ውስጥ አልጋ፣ ብፌ፣ የልጅቷ ፎቶና ለእንግዳ የተቀመጠ አዲስ ባና አለ። የአገሩ ሰው ቤቱን «የጅዳ» ይለዋል፤ በዘር ቆጠራ ሕግ ትክክል ነው።

የወረዳው ልጅ ያመጣውን ቁልፍ አክስቴ ወስደው በቆርቆሮው ቤት በር ላይ ቆለፉት። ልጁም ተስማማ፤ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ።

ስለ ቅርሱ ጉዳይ በስተመጨረሻ የተስማማነው ቤቱ አሁን እንዳለ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ እሳቱ እንዳይጠፋ፣ ጋጣው ላይ ግን በኋላ እንድንነጋገር ነው። «ያለበት ሁኔታ» የሚለው መስመር ላይ «ጣራው በሰሜን በኩል ያፈሳል» ተብሎ ተሞላ። ይህ በቅጹ ላይ ካለው ሁሉ ማንም ሳይከራከርበት ያለፈ ብቸኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

የዚያኑ ሳምንት ጓሳ ተከፍቶ ነበርና አጎቴ ደቦ ጠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሩን በጀርባውም በአህያውም እየጫነ መጣ። ክዳኝ ሆኖ የወጣው የሽማግሌው የልጅ ልጅ ነው፤ በጣራው ላይ እንደ ፍየል ቀላል። ከታች እኔ ሳሩን እየጠቀለልሁ እወረውርለታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነፋስ መልሶ ፊቴ ላይ ጣለው። ሴቶቹ ገብስ ቆልተው ጠላ ያዞራሉ። አሮጌው ሳር ከላይ ሲወርድ ጥቀርሻው ግቢውን አጠቆረው፤ ሽታው ግን የአያቴ ጋቢ ሽታ ነበር።

አጎቴ ወደ እኔ መጥተው ወረቀት አለህ ወይ አሉ። ማን ስንት ሸክም እንዳመጣ መጻፍ አለበት፤ ኮሚቴው ይጠይቃል፤ ለነገ ብድር መመለሻም ይሆናል። ሌላ ወረቀት አልነበረኝም። ሁለት ቅጽ ተትቶልን ስለነበር ትርፉን ገልብጬ በጀርባው መጻፍ ጀመርሁ። የታችኛው ቤት፣ 3 ሸክም። የቄሱ ልጅ፣ 2። ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው እጅ፣ 4። ሽማግሌው ከካቡ ላይ ተቀምጠው «በቀን የታጨደ ነው በልበት» ብለው ጮኹ፤ በዚህ ጊዜ አጎቴም ሳቁ።

«ጅዳም አለች» አሉ አክስቴ። «ለደቦው ማብያ ብር ልካለች፤ ጻፋት።»

ስንት ሸክም ብዬ ልጻፍ ብዬ አጎቴን አየኋቸው። አሰቡ። ጣራውን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ።

«ብር ነው፤ ሳር አይደለም» አሉ። «ከግርጌ፣ ለብቻዋ ጻፋት።»